አሥራ ሁለተኛው ብረት

ባለፈው ወር የመጻሕፍት መደርደሪያ የሚያበጅልኝ ወጣት አናጢ ሰሚት ያለው ቤቴ መጥቶ ነበር። የኮንዶሚኒየም ነገር፣ ኮሪደሩ ላይ የተሰነጠቀ ጣውላ ሽታው ሳሎኑንም መኝታ ቤቱንም በአንድ ጊዜ ሞላው። ትኩስ እንጨት፣ ዘይት የነካው ብረት፣ የሰው ላብ። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ዓይኔን ያቃጠለኝ ሽንኩርቱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴም ያመነኝ መሰለ።

ልጁ መጻሕፍቴን ከወለሉ ላይ ሲያነሣ፣ እንዳይወድቁ ከጎን ደግፎ የያዛቸውን ዝገት የበላው ብረት አገኘና አገላበጠው።

“እህት፣ ይሄ ከየት መጣ?”

“ከድሮ ቤት።”

“ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የወራጅ መያዣ ነው እኮ። ወራጁ፣ አግዳሚው እንጨት ማለት ነው፣ እዚህ ኪሱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ በእነዚህ ክንፎቹ ላይ በምስማር ይመታል።” ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው። “ምስማር ነክቶት አያውቅም። ጓደኛውስ?”

“የምን ጓደኛ?”

“ብቻውን ምንም አይሠራማ! አንዱ በዚህኛው ግድግዳ፣ አንዱ በዚያኛው ግድግዳ ነው። ወራጅ ሁለት ጫፍ አለው አይደል?”

ጓደኛው ጉርድ ሾላ እንዳለ ነገርኩት። የቀለድኩበት መስሎት ሳቀና ወደ መጋዙ ተመለሰ። እኔ ግን አልቀለድኩም። ከሰሚት ጉርድ ሾላ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ ታክሲው ውስጥ የተከፈቱ ሁለት ዘፈኖች ሳያልቁ ይደረሳል። እዚያ አክስቴ ትኖራለች። ዓመት በዓል ሲሆን ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ፤ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ አንድ ሰዓት ያህል እቀመጥና ሥራ አለብኝ ብዬ እነሣለሁ። ሥራ ያለባት ሰው በእንቁጣጣሽ ምን እንደምትሠራ ጠይቃኝ አታውቅም።

እዚያ ቤት መጀመሪያ የገባሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ የሞተች በዓመቱ፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት፣ አባቴ ከአዳማ አምጥቶ ታላቅ እህቱ ዘንድ አስቀመጠኝ። አባቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በሄደ ቁጥር አንዴ ለአንዷ፣ አንዴ ለሌላዋ ጎረቤት እየሰጠኝ ዓመቱን ጨርሶታል። ጎረቤቶቹ ደግ ነበሩ፤ ግን ደግነትም ይደክማል። ጉርድ ሾላ ሲያወርደኝ ጎንበስ ብሎ “ለትንሽ ጊዜ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ” አለኝ። ነዳጅ ነዳጅ የሚል እጁን ራሴ ላይ አሳርፎ ሄደ።

አክስቴን ሁሉም ሰው እታባ አስካለ ይላታል፤ እኔም እታባ አልኳት። ባልም ልጅም የላትም። ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ በአንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ አንድ ክፍል ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጠባብ። ከበሩ አጠገብ የስፌት መኪናዋ፣ ከጓሮ በኩል አልጋዋና ልብስ ማስቀመጫ ሳጥኗ። በመካከል የተረፈችው ቦታ ለእኔ ፍራሽ ሆነች፤ ፍራሹም ጠዋት ጠዋት ተጠቅልሎ ይቆማል፣ ደንበኛ ይገባልና። እታባ ወሬ አታበዛም። ምስማር በአፉ እንደያዘ አናጢ እሷም መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነው የምትውለው፤ ቢጠይቋት በአፍንጫዋ “እም” ትላለች። ያንን “እም” እንደ ቁጣ ነበር የማየው።

በመጣሁ በማግስቱ የሳጥኑን ክዳን ከፈት አድርጋ “ልብስሽን ከቦርሳሽ አውጪና እዚህ አድርጊ። ቦታ አለ” አለችኝ።

“ይቅር። አባዬ ሊመጣ ነው።”

“እም” አለች። ክዳኑን ዘጋችው።

ልብሴ ክረምቱን ሙሉ ከዚያች ሰማያዊ ቦርሳ አልወጣም። ጠዋት አንድ አወጣለሁ፣ ማታ መልሼ እከታለሁ። የሚሄድ ሰው ቦርሳውን አያራግፍም ብዬ ነው። አንዲት ጎረቤት ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ ፍራሼን አየችና “እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ሲቆይ ጨርቅ ነው” ብላ ሳቀች። እኔ ቁጭ ብዬ ቀናቱን ቆጠርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ጨርቅ ሆኛለሁ ማለት ነው። የልብስ ሰፊ ቤት ስለሆነ ጨርቅ መሆኑ ብዙም አላሳፈረኝም፤ የትም ወዳድቄ ብገኝ የሚገርመው ሰው አልነበረም።

ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የስፌት መኪናዋን ድምፅ ይውጠዋል። ግቢው ውስጥ ልጆች ነበሩ፤ የሚጫወቱት ግን በየዓመቱ አብረው የከረሙ ልጆች የሚጫወቱትን ጨዋታ ነው፣ ሕጉን ማንም አያስረዳም። በር ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። ከላያችን አውሮፕላን ወደ ቦሌ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሁሉም ቀና ብለው ይጮኻሉ። እኔ አልጮህም። የእኔ ሰው የሚመጣው በመኪና ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አባቴ በድንገት መጣ። ልቤ ልትወጣ! ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በር ላይ ደረስኩ። እሱ ግን ተጎታቹን ዋናው መንገድ ላይ አቁሞ፣ አንድ ካርቶን ተሸክሞ፣ ለግማሽ ሰዓት ነው የመጣው። ካርቶኑ ውስጥ በቅባት ወረቀት የተጠቀለሉ የሚያብረቀርቁ ብረቶች ነበሩ፤ አሥራ ሁለት። አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ዕቃ ሲያራግፍ ተርፈውት “ውሰዳቸው” ብሎት ነው። እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ ፍራሹ ላይ ቁጭ አልኩ፤ እነሱ በሩ ላይ ቆመው አወሩ።

“እትዬ፣ ቦታው ጠቦሽ እንደሆነ አላስጨንቅሽም። አዳማ መልሼያት እንደምንም እሆናለሁ” አላት።

“ቦታ ይኖራል” አለች እታባ። “ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ቆጥ አሠራለሁ፤ እሷ ከላይ ትተኛለች።”

“እንግዲያው እነዚህ ብረቶች ለወራጁ ይሆኑሻል። ቆጡ ካለቀ እኔም ሐሳቤ ያርፋል፤ ልጅቷ እዚሁ ትሁን።”

“እም።”

ነገሩ ግልጥ ነበር፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንኳ ግልጥ ነበር። ቆጡ ካለቀ እዚህ እቀራለሁ። ካላለቀ አዳማ እመለሳለሁ። አዳማ ማለት ደግሞ አባቴ ማለት ነው፤ የጎረቤቶቹን ፍራሽ ሁሉ ረስቼው ነበር። እታባ ትእዛዝ ተቀበለች እንጂ ፈለገችኝ የሚለው በሐሳቤም አልመጣም።

አናጢው ጋሽ ሙሄ ይባላሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ጢማቸው በልብስ ሰፊ መቀስ የተከረከመ የሚመስል፣ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ የማይጠፋ። ሲመጡ መጀመሪያ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና “አብሽሪ፣ ጤነኛ ነው” አሉ፣ ለማን እንዳሉት ሳይታወቅ። በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ ፊት ለፊት ሁለት ወፋፍራም እንጨቶችን በቡሎን አሠሩ። በእነዚያ መካከል ስድስት ወራጆች ይጋደማሉ፤ ከወራጆቹ በላይ ጣውላ ይነጠፋል። ይኼው ነው ቆጥ ማለት።

ችግሩ ብረቶቹ ነበሩ። ጋሽ ሙሄ አንዱን ከቅባት ወረቀቱ አውጥተው አገላበጡት።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የበቅሎ ኮርቻ ነው?”

እንዳሉትም አደረጉት። ወራጁን እንደ ልማዳቸው በረጃጅም ምስማር ሰያፍ መትተው አጋደሙና ብረቱን ገልብጠው ከላይ ጫኑበት፤ ልክ ኮርቻ በበቅሎ ጀርባ ላይ። ከዚያ ዞር ብለው ሲያዩት ራሳቸውም አላማራቸውም። እኔ ካርቶኑ ላይ ተቀምጬ ነበር። ካርቶኑ ላይ ደግሞ ሥዕል አለ፤ ብረቱ እንደ ኪስ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ፣ ወራጁ በውስጡ ቁጭ ብሎ። ከጎኑ ገልብጠው የመቱት ተስሎ ትልቅ የስሕተት ምልክት ተደርጎበታል። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ሥራው ይጓተትልኝ ነበር። ግን ትክክል የሆነ ልጅ ዝም ማለት አይችልም።

“ጋሽ ሙሄ፣ ሥዕሉ ላይ እንጨቱ ያለው ውስጡ ነው። እርስዎ የመቱት ይሄኛው፣ ኤክስ ያለበት ነው።”

ካርቶኑን ከሥሬ አንሥተው ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት። ረጅም ጊዜ አዩት።

“ያ አላህ! ዕድሜዬን ሙሉ ወራጅ ስመታ ኖሬ፣ ለወራጅ ኪስ ሲሰፋለት ዛሬ አየሁ። ወይዘሮ አስካለ! ይሄስ ያንቺ ሥራ ነው፣ ነይ ስፊው!”

እታባ ሳቀች። መርፌው ከከንፈሯ ወደቀ። ጥርሷን ያየሁት የዚያን ቀን ነው፤ ፊት ለፊት ትንሽ ፍንጭት ነበረች፣ እንደ አባቴ።

ጋሽ ሙሄ ምስማሩን ሁሉ ነቅለው እንደገና ጀመሩ። አንድ ጉማጅ እንጨት ኪሱ ውስጥ እያስገቡ ከፍታውን ያስተካክላሉ፣ ክር ይወጥራሉ፣ ውሃ ልኩን ያስቀምጣሉ፣ አረፋዋ መሐል ላይ እስክትቆም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ክንፎቹን በአጫጭር ምስማር፣ አንድም ቀዳዳ ሳይዘሉ። “ቀዳዳው ለጌጥ አይደለም። የተበሳ ሁሉ ምስማር ይፈልጋል” ይሉኛል። ወራጁን ከላይ ወደ ኪሱ ሲያወርዱት ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ ሳይታገል ገብቶ ቁጭ ይላል። የራሱ ቦታ ያለው እንጨት። ቀናሁበት።

በሦስተኛው ቀን አምስቱ ወራጆች ቦታቸውን ይዘው፣ ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ብረት ብቻ ቀረ። እነዚያ ሁለቱ ከተመቱ በኋላ ጣውላ ማንጠፍ ነው፣ አለቀ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሙሄ ውኃ ይዘው ወጡ፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ከቤቱ ኋላ፣ ጠርዙን ባለሰለሱት ጣውላ ላይ ሊሰግዱ። እታባ ክር ልትገዛ ሱቅ ሄዳለች። አንዱን ብረት ከካርቶኑ አነሣሁት። ከገመትኩት በላይ ቀዝቃዛ ነበር። በካልሲዬ ጠቀለልኩትና ቦርሳዬ ግርጌ፣ ከልብሶቼ ሁሉ ሥር ከተትኩት።

ጋሽ ሙሄ ሲመለሱ አሥራ አንደኛውን መቱ፤ ቀጥሎ እጃቸውን ካርቶኑ ውስጥ ሰደዱ። ባዶ። ገለበጡት፣ አራገፉት። ከሥሩ አዩ፣ ከበሩ ኋላ አዩ። እኔ የጫማዬን ማሠሪያ ፈትቼ አሥራለሁ። እሳቸው እኔን ሲያዩኝ፣ እኔ ማሠሪያውን ሳይ፣ ለካ እታባ ከሱቅ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች።

“አንድ ጎደለ” አሉ ጋሽ ሙሄ። ቶሎ ብለው ደግሞ፣ “መቼስ ሲመጣም አሥራ አንድ ይሆናል።”

“አሥራ ሁለት ነበር” አለች እታባ። “ቆጥሬዋለሁ።”

እታባ የክሩን ከረጢት መኪናዋ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችና ጨርቅ ጎትታ መስፋት ጀመረች። ጋሽ ሙሄ ከጥግ አንድ የጽድ ጉማጅ አንሥተው፣ በመሮ ወራጁ የሚያርፍበት ደረጃ ቀረጹለትና ከግድግዳው እንጨት ጋር መቱት። ስድስተኛው ወራጅ አንድ ጫፉ በብረት፣ አንድ ጫፉ በእንጨት ተያዘ።

“ለልጅ ክብደት ይበቃል” አሏት። “ብረቱ የተገኘ ዕለት ጥሩኝ፣ መጥቼ እቀይረዋለሁ። እስከዚያ ግን አለቀ አልልም።”

ወጥተው ሲሄዱ ውጭ ጠብቄ “ጋሽ ሙሄ፣ እውነት አላለቀም?” አልኳቸው።

እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው አዩት። “አላለቀም፣ እማዬ። አብሽሪ።” ሁለት እርምጃ ሄደው ደግሞ ተመለሱ። “አንድ ነገር ልንገርሽ። አንዱ ጫፉ ተይዞ አንዱ ጫፉ ያልተያዘ እንጨት፣ የሚያሳዝነው ያልተያዘው ጫፍ ብቻ አይደለም። የያዘውም ግድግዳ ብቻውን ይለፋል።” ስለ እንጨት የሚያወሩ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ።

እታባ ቆጡ ላይ ፍራሽ ዘረጋች፤ አዲስ አንሶላ፣ ትራስ፣ ዳርዳሩ ላይ እንዳልወድቅ ጥልፍ ያለው መጋረጃ ወጠረች። መሰላሉንም አስደገፈች። እኔ አልወጣሁም።

“አላለቀም እኮ” አልኳት።

“ይበቃሻል ብለዋል።”

“አላለቀም ብለዋል።”

“እም።” የድሮውን ፍራሽ መልሳ አነጠፈችልኝ። ከቆጡ ሥር፣ ከስድስቱ ወራጆች በታች ተኝቼ ማታ ማታ ወደ ላይ አያለሁ። ያቺ የእንጨት ጉማጅ ከብረቶቹ መካከል ተለይታ ትታየኛለች። ድል ያደረግሁ መስሎኝ ደስ ይለኛል፤ ደስታው ግን የሚያካፍሉት አልነበረውም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ቆይቼ ስመለስ ቦርሳዬ ከነበረበት ትንሽ ፈቀቅ ብሏል። ደንግጬ ከፈትኩት። ልብሶቼ ሁሉ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ ጠርዝ በጠርዝ ታጥፈዋል፤ የተቀደደው የሹራቤ ክርን ተጥፏል። እጄን ወደ ግርጌ ሰደድኩ። ብረቱ አለ፤ በካልሲው እንደተጠቀለለ። ተመስገን፣ አላየችውም አልኩ። እንዴት ሁሉን ልብስ አውጥታ እሱን ሳታይ እንደቀረች አልጠየቅሁም። ልጅ የሚፈልገውን ካገኘ ሒሳብ አይሠራም።

የዩኒፎርም ጊዜ ደረሰና ቤቱ በደማቅ ሰማያዊ ጨርቅ ተሞላ። አንድ ቀን እታባ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ጠራችኝ።

“ቁሚልኝ። አንቺን የምታክል ደንበኛ አለችኝ፤ በአንቺ ልለካ።”

ቆምኩ። ትከሻዬን ለካች፣ ወገቤን ለካች። እጇ ቀስ ያለ ነበር፤ አንገቴ ላይ ያለውን ፀጉር ወደ ጎን ስታደርግ ከሚያስፈልገው ትንሽ የቆየች መሰለኝ። “ለዓመትም እንዲሆናት ትንሽ ሰፋ ላድርገው?” ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አገባኝ! ለማላውቃት ልጅ ቆሜ እግሬ ዝሏል። “እንደፈለግሽ” አልኳት። ልብሱ ተሰፍቶ አልቆ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። የሌሎቹ ልጆች እናቶች እየመጡ የየራሳቸውን ወሰዱ። ያንን የሚወስድ አልመጣም። ባለቤቷ ምን ዓይነት ግድ የለሽ ናት እያልኩ እታዘባት ነበር።

እንቁጣጣሽ መጣ። ጎሕ ሳይቀድ ነቅቼ ቦርሳዬን ይዤ የግቢው በር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የሰፈሩ ሴቶች ልጆች አደይ ይዘው፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው አበባየሆሽ እያሉ ቤት ለቤት ዞሩ። አንዷ ቆም ብላ “ነይ እንጂ” አለችኝ። “አባቴ ሊመጣ ነው” አልኳት። ከዋናው መንገድ የከባድ መኪና ድምፅ በመጣ ቁጥር እነሣለሁ። የሲሚንቶ መኪና ነው፤ የአሸዋ መኪና ነው። ቀትር ሆነ። ዝናብ ካፍ አለና ተወ።

እታባ የተቀባ ዳቦ ይዛ መጣች። እንድገባ አልጠራችኝም። ነጠላዋን ሰብስባ ከጎኔ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። የሰው ሁሉ ቤት በእንግዳ ተሞልቶ ሁለታችን ብቻ መንገድ እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ የከባድ መኪና ድምፅ ሲመጣ አብራኝ ቀና አለች፤ ሲያልፍ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማሁ። ለእኔ አዝና ነው ብዬ አሰብኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ራሴ ክንዷ ላይ ወድቆ ነበር። ትከሻዋ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ነበረው። ከሰኔ ወዲህ የሰው ገላ ላይ ስደገፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ትንሽ ቢቆይ ብዬ የተኛሁ መሰልኩ።

አባቴ የመጣው በሳምንቱ ነው፣ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት እንደነበር ተናገረ። እኔ የሰማሁት ድምፁን ብቻ ነው። ከበር እስከ ፍራሼ፣ ከፍራሼ እስከ በር ሮጥኩ፤ ቦርሳዬ እጄ ላይ ነበር። እታባ ያንን ሩጫ ቆማ አየችው።

አባቴ ቀና ብሎ ቆጡን አየ። ፍራሹን፣ መጋረጃውን፣ መሰላሉን። ደስ አለው። “እንዴት አምሯል እትዬ! አለቀ አይደል? እንግዲያው...”

“አላለቀም” አለች እታባ።

“ምን ቀረው?”

ወደ እኔ አየች። ያንን አስተያየት ስንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ሌባ ተብዬ የምጋለጥ መስሎኝ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ያዝኩ።

“አንድ ብረት ጎድሎታል። ልጅ የሚያሳድር አይደለም።” መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካችው። “ውሰዳት።”

አባቴ ግራ ተጋብቶ ራሱን አከከ። ከዚያ እሺ አለ። ስንወጣ እታባ ግንባሬን ሳመችኝና “እም” ብላ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ግቢውን ሳናልፍ የስፌት መኪናው ሲጮህ ሰማሁት። ከእኔ ተገላግላ ወደ ሥራዋ የተመለሰች መሰለኝ። ቦርሳዬ ከበደኝ እንጂ ዞር ብዬ አላየሁም።

አናጢው መደርደሪያውን ጨርሶ በሄደ በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ብረቱን በካልሲ ጠቅልዬ ጉርድ ሾላ ሄድኩ። በዓል አልነበረም። እታባ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ መኪናዋ አለ፣ ዓይኗ ስለደከመ ግን ክር የሚያስገባላት የጎረቤት ልጅ ነው። ግቢውን በአራት በኩል ሕንፃ ከቦታል። ጋሽ ሙሄ ካረፉ ቆይተዋል። ቀና ስል ያቺ የጽድ ጉማጅ ጠቁራ፣ ወራጇን ተሸክማ እዚያው ናት።

ብረቱን ፈትቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። በመዳፏ መዘነችው፣ አልገረማትም።

“ዝጓል” አለች። “ያኔ ትንሽ ዘይት ብቀባው ኖሮ አይዝግም ነበር። የነካሁት እንዳይመስልሽ ብዬ እንደነበረ መለስኩት።”

“እታባ፣ አውቀሽ ለምን ዝም አልሽኝ?”

“ምን ላድርግሽ? ቁጭ በይ ብዬ በምስማር ልምታሽ?”

“ያ ዩኒፎርምስ? ያ ማንም ያልወሰደው... የማን ነበር?”

“አንቺን የምታክል ልጅ አለች አልኩሽ እኮ።” ፍንጭት ጥርሷ ታየ። “ሳትወስደው ቀረች።”

አለቀስኩ። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ቤት ብቸኛዋ እኔ ነኝ ብዬ ነበር፤ አብራኝ በር ላይ የተቀመጠችው ሴት የከባድ መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር እንዳይመጣ ስትለምን እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። የምትለምነውን አጥታ፣ እኔ የለመንኩትን ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ዳቦ እያመጣሁ አንድ ሰዓት ስቀመጥላት ኖርኩ።

እታባ እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ በየበዓሉ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ፣ መልሱን እንደምታውቅ ሰው ወደ መኪናዋ እየዞረች።

“ታድሪያለሽ ወይስ ሥራ አለብሽ?”

ቆጡ ላይ አንሶላ ተነጥፏል፤ ንጹሕ ነው፣ ማንም አይተኛበትም። ያኔ ነው ቦርሳዬ አሁንም ትከሻዬ ላይ እንዳለ የታወቀኝ። አወረድኩት።

“አድራለሁ። ይሄን የት ላስቀምጠው?”

እጇ መኪናው ላይ ቆመ። ወደ ጓሮው በአገጯ አመለከተችኝ።

“ሳጥኑ ውስጥ አድርጊው። ቦታ አለ” አለች። “ድሮም ነበረ።”